የላብራቶሪ ጋውኔን ሰቅዬ ቢሮ ከገባሁ በኋላ የተማርኩት

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ልጆች ስለ አንድ ዓይነት ጉዳይ አማከሩኝ። ሦስቱም መሐንዲሶች ናቸው፣ ሦስቱም ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠሩት። አሁን ደግሞ ምርምርን የሚያስተዳድሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እየጠሯቸው ነው። አንዷ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥንበት የምደባ ደብዳቤዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ልቀበለው ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራን። ቤት ስገባ ግን ያልነገርኳት ከነገርኳት በልጦ ታየኝ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። እኔ በዚህ መንገድ ያለፍኩት መካሪ ሳይኖረኝ ነው። የስህተቴን ዋጋ የከፈልኩት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ይህን ያህል አይከነክነኝም ነበር፤ ሌላ ሰውም ከፍሎበታል።

ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ላብራቶሪ 9 ዓመት የሠራሁት ውሃ ላይ ነው፣ በተለይ ፍሎራይድ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ላይ። ስምጥ ሸለቆ ያደገ ወዳጅ ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ያ የጥርስ መበለዝ ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም፣ በልጅነት ከተጠጣው ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከ10 በላይ የሚለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። መጠኑ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ሰው ያጎብጣል። የእኛ ሥራ የከብት አጥንት አክስሎ ፍሎራይዱን ይዞ የሚያስቀር ማጣሪያ መሥራት ነበር። አጥንቱ ብዙ አየር ሳያገኝ ነው የሚከስለው። እሳቱ ካነሰው ጥቁር ይሆንና ውሃውን ያሸተዋል። ከበዛበት ደግሞ ነጭ ይሆንና ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። መሃል ላይ ያለውን ግራጫ ለማግኘት ወራት ፈጅቶብናል።

ያን ሥራ እወደው ነበር። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ፍሎራይድ የምንለካበትን ኤሌክትሮድ ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም በትክክል መለካቱን ማረጋገጥ ነው። መጠናቸው የታወቀ፣ አንዱ ከሌላው 10 እጥፍ የሆኑ ናሙናዎች ውስጥ በየተራ ትነክሩታላችሁ። በእያንዳንዱ ደረጃ ሚሊቮልቱ 59 አካባቢ ከተለወጠ ቀኑ ሰላም ነው። 48 ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ፈልጉ። ይህን የምነግራችሁ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያጣሁት እሱን ስለሆነ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ልክ መሆናችሁን ወይም መሳሳታችሁን የሚነግራችሁ መሣሪያ አለ፣ ያውም በዚያው ቀን። ቢሮ ውስጥ ስህተታችሁን የምታውቁት ምናልባት ከ10 ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ታዲያ ለምን ወጣሁ? በመጠበቅ ተሰላችቼ። አንድ ተራ ኬሚካል ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቅንበት ጊዜ ነበር። ዕቃው ሲደርስ ለሥራው የመደብነው ተማሪ ተመርቆ ሄዷል። "ወንበሩ ላይ ላብራቶሪ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኮ ይህ ሁሉ አይሆንም" እል ነበር፣ ከልቤ ነው የምለው። ስለዚህ ምርምርን ከሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ነይ ስባል ብዙም አላቅማማሁም። መስከረም 2014 ጋውኔን በሩ ኋላ ሰቅዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ገና ሳልገባ የሠራሁት ነው። የጠየቅኩት ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቤት አበሉና ስለ መደቡ መጠሪያ ብቻ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ሌላ ነው። ምን ላይ ነው የምፈርመው? እኔ ካልፈረምኩ የማያልፈው ምንድን ነው? ከእኔ በላይስ ስንት ፊርማ አለ? መደቡ ቋሚ ነው ወይስ ሹመት? ሹመት ከሆነ የሾመኝ ሰው ሲነሳ እኔ የት ነው የምገባው? የለቀቅኩትን ቦታስ ማን ነው የሚጠብቅልኝ? ለእነዚህ መልሱን በወሬ አትቀበሉ። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፣ ግን ነገ እሱም ሊቀየር ይችላል። በደብዳቤ ይሁን፣ ቁጥርና ማህተም ይኑረው። እኔ "ግድ የለም፣ እንተማመናለን" ተብዬ ነው የገባሁት። በኋላ የቀድሞ ቦታዬን ጉዳይ ለማስተካከል አንድ ክረምት ሙሉ ተመላልሻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱኝ። ጠዋት እገባለሁ፣ ደብዳቤ ይጠብቀኛል። ከሰዓት ስብሰባ ነው። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ "ዛሬስ ምን ሠራሽ?" ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ደብዳቤን እንደ ሥራ አልቆጠርኩትም። ሥራ የምለው ፕሮፖዛል ማንበብ፣ መመሪያ ማርቀቅ፣ ላብራቶሪ ሄዶ ማየት ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ እየቆለልኩ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በአንዴ እመራዋለሁ እል ነበር። ዓርብ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ አለ።

ከዚህ ያወጡኝ የመዝገብ ቤቷ እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሰነዶች ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ያንን ትልቅ የገቢ ደብዳቤዎች መዝገብ ታቅፈው ቢሮዬ ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ ከፈቱትና በጣታቸው መስመሩን ተከትለው ወረዱ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ከማን፣ ጉዳዩ፣ ለማን ተመራ። አንዱ መስመር ላይ ቆሙ። "ይህ አንቺ ጋ ከገባ 19 ቀኑ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። "ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣ። ከጉምሩክ ኬሚካል ማስለቀቂያ የትብብር ደብዳቤ ነው የጠየቁት። ዕቃው እዚያ በተቀመጠ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ይቆጥርባቸዋል።"

ኬሚካል። እኔ ከላብራቶሪ ያስወጣኝ ነገር ራሱ። 19 ቀን ያስተኛሁት እኔ ነኝ፣ የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ አንቀጽና አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። በዚያው ሰዓት ጻፍኩት። እትዬ ራሳቸው ቁጥር ሰጥተው፣ ማህተም አስመትተው ላኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት የደብዳቤ ነው። ስልክ አላነሳም፣ ስብሰባ አልቀበልም። ከእትዬ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራችሁም። አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ ሁለት ጉዳይ ካለው አንዱ ይጠፋል። "ጉዳዩ" በሚለው መስመር የምትፈልጉትን ነገር ራሱን ጻፉ። "ትብብር ስለመጠየቅ" ካላችሁ የሚመራው ሰው ለማን እንደሚመራው አያውቅም፤ "ከጉምሩክ ኬሚካል ለማስለቀቅ የድጋፍ ደብዳቤ ስለመጠየቅ" ካላችሁ ቀጥ ብሎ ቦታው ይሄዳል። አባሪ ካለ ስንት ገጽ እንደሆነ ጻፉ። ደብዳቤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስታደርሱ ኮፒያችሁ ላይ የገቢ ቁጥሩን ሳታስጽፉ አትመለሱ። "ደብዳቤያችሁ አልደረሰንም" የሚባል ነገር አለ፤ መልሱ ያ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ለምርምር ድጋፍ የሚቀርቡ ፕሮፖዛሎች ግምገማ ላይ ነው። እኔ የማውቀው የመመረቂያ ጽሑፍ መፈተን ነው። ፕሮፖዛሎቹን በዚያ ዓይን አየኋቸው፤ ዳሰሳው የተሟላ፣ አቀራረቡ የጠራ፣ እንግሊዝኛው የተስተካከለ ከሆነ ከፍ ያለ ነጥብ እሰጣለሁ። ውሃ ላይ ያተኮሩትን ደግሞ ሳላውቀው ልቤ ያደላላቸው ነበር። አንድ ዙር ላይ ስለ እንሰት መፋቂያ ማሽን የቀረበ ፕሮፖዛል ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። ገጹ የተዘበራረቀ ነበር፣ ሥዕሉ በእጅ የተሠራ፣ ዳሰሳው ሁለት አንቀጽ። አብረውኝ የሚገመግሙት አንድ አንጋፋ የግብርና ሰው መነጽራቸውን አወለቁና "እስኪ የበጀት ሠንጠረዡን ድጋሚ እዩት" አሉኝ። አየሁት። ሰውየው ማሽኑን ለመሥራት የሚፈልገውን ብረት በኪሎ፣ ብሎኑን በቁጥር፣ የበያጁን የእጅ ዋጋ በቀን ጽፎታል። ሦስት ቀበሌ ዞሮ እናቶች እየፋቁ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያወጡ ለክቷል። እግራቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ተቀምጠው ሲፍቁ የሚውሉ ሴቶችን አይቶ የጻፈው ነው። ከቀረቡት ሁሉ አንጀት ጠብ የሚል ልኬት የነበረው እሱ ነው፤ እኔ ግን በገጹ አቀማመጥ ልጥለው ነበር።

ያን ፕሮፖዛል አሳለፍነው። እኔም ከዚያ ወዲህ የማነበው ከኋላ ነው፣ መጀመሪያ በጀቱን፣ ቀጥሎ የሥራ መርሐ ግብሩን፣ መጨረሻ ላይ መግቢያውን። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጀቱ ላይ ይታወቃል። "ልዩ ልዩ ወጪ" ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ገና አላሰበበትም። እናንተም አመልካች ከሆናችሁ ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ።

ለ2015 በጀት ዓመት አዮን ክሮማቶግራፍ የሚባል መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ተፈቅዶልን ነበር። ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ፣ ናይትሬትና ሌላውንም በአንድ ጊዜ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የሚሄደው ወደ አንድ ላብራቶሪ ነው፣ እዚያ አንዲት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ሙሉ ጥናቷን በእሱ ላይ አቅዳለች። የመሣሪያውን ዝርዝር መግለጫ፣ እኛ ስፔስ የምንለውን፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከእኔ የተሻለ ማን ያውቀዋል አልኩ። ገንዘቡ ተፈቅዷል ብዬ ደግሞ ተዘናጋሁ። ሐምሌ አለፈ፣ መስከረም አለፈ፣ የጻፍኩት ታኅሣሥ ላይ ነው። የጻፍኩትም የማውቀውን መሣሪያ ከነብራንዱ ከነሞዴል ቁጥሩ ነው።

ግዢ ክፍል መለሰው። በመንግሥት ግዢ ብራንድ ጠቅሶ ጨረታ ማውጣት አይቻልም። ሌላ መግለጫ ጠፍቶ የግድ ከሆነ እንኳ "ወይም ተመጣጣኝ" የሚል መጨመር አለበት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ካለማወቄ የከፋው ግን አለመስማቴ ነው። ያ ብራንድ ካልሆነ አይሆንም ብዬ አንድ ወር ተከራከርኩ። የግዢ ባለሙያዋ ሁለት ጊዜ ቢሮዬ ድረስ መጥታ መመሪያውን ከፍታ አሳየችኝ። "አንቺ መሣሪያውን አታውቂውም" አልኳት። ልክ ነው፣ አታውቀውም። ሕጉን ግን ታውቃለች።

የካቲት መጨረሻ ላይ ተስተካክሎ ተጻፈ። ጨረታው ወጣ፣ ተከፈተ፣ ቴክኒካል ግምገማ፣ ፋይናንሻል ግምገማ፣ ቅሬታ ካለ የሚቀርብበት ቀን፣ ውል። ግንቦት ላይ ኤል.ሲ.፣ ማለትም ባንኩ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ባንክ ሄድን። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነበር። ሰኔ ገባ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ነው። ተመለሰ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ዝናብ ነበር፣ ጃንጥላዋን የት እንደምታቆም ጨንቋት በሩ ጋ ቆመች። አልተቆጣችም። ለስድስት ጉድጓድ የክረምትና የበጋ ናሙና እንዳቀደች፣ የክረምቱ እንደሚያልፋት፣ ስኮላርሺፕዋ የሚያልቅበትን ወር ነገረችኝ። ከዚያ "ኢንጅነር፣ እርስዎ እኮ ከእኛ ነበሩ" አለች። ሌላ ነገር አላለችም። ሻይ እንኳ ሳላዝላት ወጣች።

ያን ቀን ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በእግሬ ነው የሄድኩት። በብሔራዊ ሙዚየም በኩል አልፌ የድሮው ላብራቶሪ በር ድረስ ደረስኩ፣ አልገባሁም። ልልቀቅ ወይ ብዬ አሰብኩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ነጥብ ላይ ነው የሚለቀው። ግን ብለቅ ለልጅቷ የሚጠቅማት ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ደብተር ይዤ ፋይናንስ ኃላፊው ጋ ሄድኩና "አስተምሩኝ" አልኳቸው። ገረማቸው። ወንበር ሳቡልኝ። የበጀት ኮዱን ከመጀመሪያው አስረዱኝ፦ በ61 የሚጀምረው ለሰው ኃይል ነው፣ በ62 የሚጀምረው ለዕቃና አገልግሎት፣ በ63 የሚጀምረው ለቋሚ ንብረት። ኬሚካል 62 ውስጥ ነው፣ መሣሪያ 63 ውስጥ። የመሣሪያው ገንዘብ ተርፎ ኬሚካል ልግዛበት ብትሉ ዝውውር ማስፈቀድ አለባችሁ። እኔ እስከዚያ ድረስ ፋይናንስ የሚባለው ክፍል ሥራ የሚያዘገይ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ግን ኦዲተር ሲመጣ በፊርማቸው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ይህን ስታውቁ አነጋገራችሁ ራሱ ይቀየራል። "ለምን አይፈረምም?" ማለት ትታችሁ "እንዲፈርሙ ምን ሰነድ ይጎድላል?" ትላላችሁ።

ከዚያ ግድግዳዬ ላይ ከሰኔ 30 ወደ ኋላ የሚቆጥር ካላንደር ለጠፍኩ። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ግንቦት አጋማሽ ላይ ካልደረሰ አስጊ ነው። ግንቦት እንዲደርስ ኤል.ሲ.ው ጥር ላይ መከፈት አለበት። ለዚያ ውሉ ታኅሣሥ፣ ጨረታው ጥቅምት። ስለዚህ ስፔሱ ሐምሌ 1 ቀን አልቆ መገኘት አለበት፣ ማለትም የሚጻፈው በጀቱ ከመጽደቁ በፊት፣ ግንቦት ላይ ነው። "ገና ያልተፈቀደ ገንዘብ ላይ ምን ያደክመኛል?" እንዳትሉ። ባይፈቀድ የሚባክነው የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ከተፈቀደና ካልተዘጋጃችሁ ዓመቱ ይባክናል።

ስፔስ ስትጽፉ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ጻፉ፤ ዝቅተኛው የሚለካው መጠን፣ ስንት ናሙና በሰዓት፣ ምን ዓይነት ውሃ። ተከላውን፣ ሥልጠናውን፣ የሁለት ዓመት አላቂ ዕቃውን፣ የመብራት መቆራረጥ የሚቋቋምበትን ዩፒኤስ በዚያው ጨረታ ውስጥ አስገቡ። አስመጪው አዲስ አበባ ላይ ጥገና የሚሰጥ ሰው እንዳለው በጽሑፍ ይቅረብ። በየላብራቶሪው ፕላስቲኩ ሳይላጥ የተቀመጠ መሣሪያ አይታችኋል አይደል? አብዛኛው የተበላሸ አይደለም። ኮለም የሚባለው፣ ናሙናው ውስጥ ያለውን የሚለየው ክፍሉ ወይም የሚተክለው ሰው አብሮ አልተገዛም። ዋጋውን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ከነቀኑ አስቀምጡ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብር ብቻ የተያዙ ግምቶች ምን እንደሆኑ ያየ ያውቀዋል። አሁን ጨረታው በኤሌክትሮኒክ ግዢ ሥርዓት ነው የሚወጣው። ሥርዓቱን ራሳችሁ ገብታችሁ ተማሩት፣ ለግዢ ክፍል ብቻ አትተዉት።

በጀት ስለመጠየቅም አንድ ነገር ልበል። የአፍሪካ አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር እንዲመድቡ በአኅጉር ደረጃ ተስማምተዋል። እኔም የመጀመሪያ የበጀት ማብራሪያዬን በዚያ ነበር የከፈትኩት። የሚሰሙኝ ሰዎች በትሕትና ሰሙኝና "ይህ ለየትኛው ፕሮግራም ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በዓመቱ አንድ ገጽ ይዤ ሄድኩ። ገጹ ላይ የነበረው የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ፣ የሚያልቅበት ወርና ገንዘቡ ባይፈቀድ የሚቆመው ነገር ነው። የሚቆመው ነገር ላይ ነው ጥያቄ የበዛው፣ እዚያ ላይ ነው የተፈቀደልንም።

ስለ ስልክ ጥሪዎች ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ የምታውቁት ሰው ሁሉ ያስታውሳችኋል። እኔን የፈተነኝ የራሴ አስተማሪ ናቸው። ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፣ ኤሌክትሮድ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የድሮ ላብራቶሪዬ ለድጋፍ ሲያመለክት ደወሉ። "ልጄ፣ የእኛን አየሽው?" ሌላ ነገር አልጠየቁም። እኔ ግን የዚያን ቀን ከሰዓት ለአለቃዬ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ስለሆነ በግምገማው አልካፈልም። ግምገማው ሲጀመር ከክፍሉ ወጣሁ፣ መውጣቴም ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። በዚያ ዙር አላለፉም። ፕሮፍ ለወራት አላናገሩኝም፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ፋሲካ ላይ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ደወልኩ፣ አነሱት። ስለ ፕሮፖዛሉ አላወራንም፣ ስለ ልጆቻቸው አወራን። እናንተም ላይ ይደርሳል። ሲደርስ ዘመድነቱን አፋችሁ ላይ አትተዉት፣ በወረቀት አስመዝግቡትና ውጡ።

ሪፎርምም አለ። በ2011 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የሚባል ተቋቁሞ ነበር፣ በ2014 ፈርሶ የከፍተኛ ትምህርቱ ሥራ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። በ2011 የሳይንስና ቴክኖሎጂው ደግሞ ከኮሙኒኬሽንና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ጋር ተጣምሮ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆኗል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ የሚቀየረው ታፔላው ብቻ አይደለም፤ ማህተም፣ የበጀት ኮድ፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ አንዳንዴ ሕንፃውም ይቀየራል። ስለዚህ የያዛችሁት እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ፋይል ይኑረው። ውሉ፣ የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ፣ የመጨረሻው ሪፖርት፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19፣ ሁሉም አንድ ቦታ። ነገ ሌላ ሰው ወንበራችሁ ላይ ተቀምጦ ያለ እናንተ ሊረዳው ይገባል።

እጃችሁንም ጠብቁ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ላብራቶሪ ላግዝ ሄጄ የኬሚካል ድብልቅ ስቀምም እጄ ዘገየብኝ። በፊት ሳላስብ የማደርገው ነገር ነው። ቴክኒሺያኑ ምንም ሳይል ፈሳሽ የምንለካበትን ፒፔት ቀስ አድርጎ ተቀበለኝ። ማታ አልቅሻለሁ። ያኔ ነው ሐሙስ ከሰዓት ላብራቶሪ እንድሆን በደብዳቤ ጠይቄ ያስፈቀድኩት። ስትገቡ ከጠየቃችሁት ቀላል ነው፣ ከገባችሁ በኋላ ግን ስምንት ወር ነው የፈጀብኝ። ሐሙስ የሚገጥሙ ስብሰባዎች አሉ፣ እነሱን ግማሹን እሄዳለሁ፣ ግማሹን ግን ደብዳቤዬን አሳያለሁ።

መሣሪያውን ለ2016 እንደገና ጠየቅን፣ ተፈቀደ። ስፔሱ በዚያው ሐምሌ ዝግጁ ነበር። የግዢ ባለሙያዋ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር አብረን አነበብነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ያላየሁትን አገኘችልኝ። ግንቦት ላይ ሳጥኑ መጣ። ሞዴል 19 ሲቆረጥ ቆሜ አየሁ። ተከላው አራት ቀን ፈጀ። ልጅቷ የመጀመሪያውን የጉድጓድ ውሃ ስታስገባ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ፍሎራይድ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚወጣው፤ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ላይ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተነሳና ተመልሶ ወረደ። ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ከሥሩ አሰመረችበት፣ ሁለተኛውን ናሙና አነሳች። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ የበጀት ስብሰባ ነበረኝ፣ ወደ አራት ኪሎ ወረድኩ።

የማኪያቶዋ ልጅ ደብዳቤውን እስካሁን አልተቀበለችም። ትናንት ደውላ ነበር። መደቡ ቋሚ ስለመሆኑና በሳምንት አንድ ከሰዓት ላብራቶሪ ስለመሆኗ በጽሑፍ ጠይቃለች፣ የገቢ ቁጥሩንም ኮፒዋ ላይ አስጽፋለች። መልሱን እየጠበቀች ነው።